የእርሳስ ወታደሮችና የታሪክ እውነት

አንድ ጎልማሳ ከሥራው ተመልሶ ራቱን ከበላ በኋላ መብራት ሥር ተቀምጦ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ የወታደር ምስል በግራ እጁ ይዞ፣ በቀኝ እጁ በቀጭን ብሩሽ የኮቱን ቁልፍ ሲቀባ ያየ ሰው በመገረም ፈገግ ማለቱ አይቀርም። «ይህ የልጅ ጨዋታ አይደለምን?» ብሎም ይጠይቃል። ቀቢው ግን ቀና አይልም። ወታደሩ የለበሰው ኮት ቀይ ይሁን ሰማያዊ፣ አንገትጌው ቢጫ ይሁን አረንጓዴ ለማረጋገጥ ሁለትና ሦስት መጻሕፍት ከፊቱ ዘርግቷል። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰዎች ትርፍ ጊዜያቸውን በዚህ ሥራ ያሳልፋሉ። ሥራው ከንቱ ነውን? ወይስ ቁም ነገር አለው? መልሱን የሚሰጠው የምስሉ ማነስ ወይም መተለቅ ሳይሆን ምስሉ የሚናገረው ታሪክ ነው።

ጥቃቅን ወታደሮችን መሥራት የቆየ ሙያ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ የነበሩ የእጅ ባለሙያዎች፣ ቲን የተባለውን ለስላሳ ማዕድን አቅልጠው ከድንጋይ በተፈለፈለ ቅርጽ ውስጥ እያፈሰሱ፣ እንደ ሳንቲም ዝርግ የሆኑ ወታደሮችን ይሠሩ ነበር። በ1893 እ.ኤ.አ. ደግሞ የለንደኑ የዊልያም ብሪትን ፋብሪካ እርሳስ ከተባለው ማዕድን ውስጡ ባዶ የሆነ ወታደር መሥራት በመጀመሩ የምስሎቹ ክብደትና ዋጋ ቀነሰ።

በጠረጴዛ ላይ የሚካሄደው የጦርነት ጨዋታም የራሱ ታሪክ አለው። በ1824 እ.ኤ.አ. ፎን ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን፣ አዛዦች በካርታ ላይ ጦር እያንቀሳቀሱ የሚለማመዱበትን ደንብ አሳተመ። ይህ ለሥልጠና የታሰበ ነበር። በ1913 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ «ትንንሽ ጦርነቶች» የተባለ መጽሐፍ አውጥቶ፣ የእንጨት ዘንግ በሚወረውር የመጫወቻ መድፍ የእርሳስ ወታደሮችን እየመቱ የሚጫወቱበትን ሥርዓት ለማንም ሰው አቀረበ። የዛሬዎቹ ተጫዋቾች ግን መድፉን ትተው፣ ርቀቱን በሜትር እየለኩ፣ የተኩሱን ውጤት ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ የተቀረጸበት ኩብ በመጣል ይወስናሉ።

ምስሎቹ ሲገዙ አብዛኛውን ጊዜ ቀለም የላቸውም። ከሚዘወተሩት መጠኖች አንዱ ቁመቱ 28 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቀቢው በመጀመሪያ ትርፉን በሞረድ ያስተካክላል፤ ምስሉን ከመቆሚያው ጋር በሙጫ ያጣብቃል፤ የኋላው ቀለም እንዲይዝለትም መላ አካሉን በአንድ ዓይነት መደብ ቀለም ይሸፍናል። ቀጥሎ ፊቱን፣ ልብሱንና መሣሪያውን በየቀለማቸው ይቀባል። በልብሱ እጥፋት ውስጥ ጠቆር ያለ ቀጭን ቀለም ያፈስሳል፤ ብርሃን በሚያርፍበት ጉብታ ላይ ፈካ ያለውን ያክላል። በመጨረሻም ሲነካ እንዳይላጥ ቫርኒሽ ይቀባዋል። ይህን ሁሉ ለአንድ ምስል ከፈጸመ በኋላ ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛው፣ ለሠላሳኛው ይደግመዋል። ስለዚህ ሥራው ከሁሉ አስቀድሞ የትዕግሥት ትምህርት ቤት ነው።

በእርግጥ ከዚህ ሥራ ላይ የሚሰነዘረው ነቀፌታ ቀላል አይደለም። «ጦርነት የሰው ደም የሚፈስበት ነገር ነው፤ እንዴት መጫወቻ ይሆናል?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በጠረጴዛ ላይ የወደቀው ወታደር በማግሥቱ ተነሥቶ እንደገና ይሰለፋል፤ በጦር ሜዳ የወደቀው ግን አይነሣም፤ እናቱም አታገኘውም። ይህን የዘነጋ ተጫዋች ጦርነትን እንደ በዓል ሰልፍ ሊያየው ይችላል። ዌልስ ራሱ ይህን አልሳተም። ትንሹ ጦርነት ከእውነተኛው እጅግ እንደሚሻል፣ እውነተኛውም ምን ያህል ከንቱ ጥፋት እንደሆነ በዚያው መጽሐፍ አመልክቷል። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። እንግዲህ መጫወቻው ጦርነትን አላመጣም፤ አላስቀረምም። ከመጫወቻው የሚጠበቀው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ያለፈውን በትክክል ማሳየት ነው።

ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከእንግሊዛዊው መኮንን ከዊልያም ሳይቦርን ታሪክ መረዳት ይቻላል። ሰኔ (ጁን) 18 ቀን 1815 እ.ኤ.አ. በዌሊንግተን መስፍን የተመራው የእንግሊዝና የተባባሪዎቿ ጦር፣ በብሉኸር ከተመራው የፕሩሲያ ጦር ጋር ሆኖ ናፖሊዮንን ዋተርሉ ላይ ድል አደረገ። በዚያ አንድ ቀን ከ40,000 በላይ ሰዎች ሞቱ ወይም ቆሰሉ። ከ15 ዓመት በኋላ ሳይቦርን የጦር ሜዳውን ሞዴል እንዲሠራ ታዘዘ። በስፍራው በሚገኝ የእርሻ ቤት ስምንት ወር ተቀምጦ ኮረብታውንና መንገዱን፣ አጥሩንና ማሳውን ለካ። ከዚያም በሕይወት ለነበሩት መኮንኖች ደብዳቤ እየጻፈ፣ ውጊያው በሚወሰንበት በምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ክፍላቸው የት እንደነበረና ከፊት ለፊታቸው የተሰለፈው ጠላት ማን እንደሆነ ጠየቀ። በመቶ የሚቆጠሩ መልሶችም ደረሱት። መንግሥት በ1833 እ.ኤ.አ. ገንዘብ መስጠቱን ቢያቋርጥበትም፣ ሳይቦርን በራሱ ወጪ ቀጥሎ በ1838 እ.ኤ.አ. ሞዴሉን ለሕዝብ አሳየ።

ነገር ግን ችግር ነበረ። ሳይቦርን ከማስረጃው እንደተረዳው፣ በዚያች ወሳኝ ሰዓት የፕሩሲያ ጦር በብዛት ወደ ውጊያው ገብቶ ነበር፤ በሞዴሉ ላይም እንዲሁ አሰለፈው። ይህ መስፍኑ ስለ ድሉ ከሰጠው ቃል ጋር አልተስማማም። በዘመኑ በእንግሊዝ አገር የመስፍኑን ቃል መቃወም ቀላል ነገር አልነበረም። ሳይቦርን በመጨረሻ ለተጽዕኖው ተበገረና ብዙዎቹን የፕሩሲያ ምስሎች ከሞዴሉ ላይ አነሣ። ያወጣውንም ገንዘብ ሳይተካ በ1849 እ.ኤ.አ. ሞተ።

ቁመታቸው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ምስሎች ታላቅ የጦር አዛዥን እንዲህ ማሳሰባቸው ምን ያመለክታል? ምስል ዝም ብሎ እንደማይቆም ያመለክታል። ማን እንደ ነበረና ማን እንዳልነበረ ይመሰክራል። ሆኖም ምስሎቹ ቢነሡም ደብዳቤዎቹ አልጠፉም። ልጁ ከደብዳቤዎቹ መርጦ በ1891 እ.ኤ.አ. አሳተማቸው፤ የታሪክ ሊቃውንትም እስከ ዛሬ ይመረምሯቸዋል። የፕሩሲያ ጦር መድረስ ለድሉ ወሳኝ እንደነበረ አሁን በሰፊው የታመነ ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንዲሉ። ሞዴሉም ከ70,000 በላይ ምስሎችን እንደያዘ ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የሠራዊት ቤተ መዘክር ተጠብቆ ይገኛል።

ከሳይቦርን የሚገኘው ትምህርት ለዋተርሉ ብቻ የሚሆን አይደለም። ዛሬ የዓድዋን ጦርነት የሚያሳዩ ምስሎችም በውጭ አገር እየተሠሩ በጠረጴዛ ላይ ይሰለፋሉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገውን ያን ውጊያ በቅጡ ያላጠና ቀቢ፣ የኢትዮጵያን ሠራዊት ጦርና ጋሻ ብቻ አስይዞ ሊያሰልፈው ይችላል። ይህ ስሕተት የቀለም ስሕተት ብቻ አይደለም። ከዘማቾቹ ብዙዎቹ ረሚንግተንና ውጅግራን የመሰሉ ጠመንጃዎች ታጥቀው ነበር፤ መድፍም ነበራቸው። መሣሪያው የተሰበሰበው በብዙ ዓመት ዝግጅት ነው። ጠመንጃውን ከእጃቸው የነጠቀ ቀቢ፣ ዝግጅቱንና ብልሃቱን ከታሪካቸው ይነጥቃል። እንዲሁም በኢጣሊያ በኩል የተሰለፉትን ሁሉ ነጭ አድርጎ የሚቀባ፣ ቀይ ታርቡሽ ደፍተው በዚያ ጦር ውስጥ የተዋጉትንና በብዙ ሺህ የሚቆጠሩትን የኤርትራ ተወላጆች ከታሪክ ይሰርዛቸዋል። ሳይቦርን ሳይወድ ያደረገውን፣ ይህ ቀቢ ሳያውቅ ያደርገዋል።

ስለዚህ ጥቃቅን ወታደሮችን መቀባትና ማሰባሰብ እንደ አያያዙ የሚታይ ሥራ ነው። ለማሸነፍ ደስታ ብቻ የተያዘ እንደሆነ ከጨዋታነት አያልፍም፤ ድል አድራጊውን ብቻ ለማወደስ ከዋለም ሐሰትን ያስተምራል። ማስረጃ እየፈለገ፣ እየጠየቀና እያመዛዘነ ለሚሠራ ሰው ግን የታሪክ ጥናት ነው። ውድ ምስል መግዛት የማይችል ተማሪም ከጭቃና ከካርቶን ያንኑ ሊሠራ ይችላል፤ ዋናው ነገር ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት መጠየቁ ነው። በዚያ ቀን ማን ነበረ? ምን ለበሰ? ምን ያዘ? ከየት መጣ? ስንቱስ ወደ ቤቱ ሳይመለስ ቀረ? እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቆ የተቀባ አንድ ወታደር፣ ሳይጠየቅ ከተሰለፈ ሠራዊት የበለጠ ይናገራል።