«ጩኸት ነው» ስለተባለው አልበም

ባለፈው ቅዳሜ ማታ በመኝታ ክፍላችን የብላክ ሳባዝን «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» ስናዳምጥ አንዳንድ ባልደረቦቻችን «ይኼ ጩኸት እንጂ ሙዚቃ አይደለም፤ የሰካራም ሥራ ነው» ብለው በሩን ዘግተውብን ወጡ። ቅር አላለንም። ነገር ግን የወጡት ገና በመጀመሪያው ዘፈን ላይ በመሆኑ፣ ሳይሰሙት የቀሩትን በዚህ ግድግዳ ላይ ልንነግራቸው ግድ ሆነብን።

አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን አራቱም ተጫዋቾች የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ የበርሚንግሃም ልጆች ናቸው። ጊታር የሚመታው ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ በአንድ የብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻዋ ቀን ማሽን የቀኝ እጁን የመሐልና የቀለበት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ ክሩን የሚጫነው በዚያው በቀኝ እጁ ነው። እንግዲህ ጊታር አበቃለት ማለት ነው! ያጽናናው የፋብሪካው ካቦ ነበር። ምክር አላበዛበትም፤ የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አሰማውና ይህ ሰው በቃጠሎ ሁለት ጣቶቹ ተጎድተውበት በቀሩት እንደሚጫወት ነገረው። (በፔዳጎጂ ክፍለ ጊዜ ስለ ማበረታታት ብዙ ማስታወሻ ጽፈናል፤ እንዲህ ያለ ምሳሌ ግን አላገኘንም።) አዮሚም የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ቆዳ አለበሰው፤ ቀጫጭን ክር ፈልጎ እንደገና ጀመረ።

በዚህ አልበም ላይ ደግሞ በበርካታ ዘፈኖች ቅኝቱን ሦስት ግማሽ ድምፅ አወረደው። ክር ሲላላ ለተጎዳ ጣት ይቀላል፤ ድምፁም ይወፍራል። ጊዘር በትለርም ባሱን አብሮ አወረደ። ያ «ያደነቁራል» የተባለው ድምፅ ከዚህ የመጣ ነው እንጂ ከስካር አይደለም። የ«ኢንቱ ዘ ቮይድ»ን መነሻ ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ጭነት የያዘ ካሚዮን አቀበት ሲወጣ እንደሚያጓራ ያለ ነው፤ አይቸኩልም። ዛሬ ስቶነር ዱም የሚባለው የሙዚቃ ዘርፍ አባት አድርጎ የሚቆጥረው ይህንኑ ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስሊፕ የተባሉት የካሊፎርኒያ ልጆች ይህን ዝግታ ይዘው አንድ ሰዓት የሚፈጅ አንድ ዘፈን እስከ መቅረጽ ደርሰዋል።

የመጀመሪያው ዘፈን «ስዊት ሊፍ» ሐሺሽ ያወድሳል። አንደግፈውም፤ አንደብቀውምም። ታዲያ ነገ አንድ ተማሪ የመጀመሪያው ገጽ የተበላሸ ደብተር ቢያስረክበን፣ ሁለተኛውን ሳንገልጥ ዜሮ ልንሰጠው ነው እንዴ? ቀጥሎ የሚመጣው «አፍተር ፎርኤቨር» እኮ በእግዚአብሔር ስለማመን የሚሟገት ነው! «ችልድረን ኦፍ ዘ ግሬቭ» የአቶም ቦምብ ፍርሃት የወረሱ ወጣቶችን ያነጋግራል። «ሶሊቲዩድ» ደግሞ ለስላሳ እንጉርጉሮ ነው፤ ዋሽንት ይሰማበታል። ዋሽንቱን የሚነፋውም ያው ጣቶቹ የተቆረጡት ሰው ነው።

አልበሙ በጠቅላላው 34 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከአንድ ክፍለ ጊዜ ያንሳል። በመጪው ቅዳሜ ማታ ደግመን እናሰማለን። የመጀመሪያውን ዘፈን የማትፈልጉ አምስት ደቂቃ ዘግይታችሁ ኑ።