ርካሹ ድራይሱት መጨረሻ ላይ ስንት ያወጣል?

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ነጋዴ በቀለሙ ብቻ ተማርኮ ብር አይቆጥርም። ኮፈኑን አስከፍቶ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል፤ መካኒክም ይዞ ይመጣል። ይኸው ጠንቃቃ ሰው የማያውቀው ገበያ ውስጥ ሲገባ ግን ሻጩ በጠራው ቁጥር ብቻ ሲሸነፍ ይታያል። በቀዝቃዛ ባሕር የሚጠልቁ ሰዎች የሚለብሱት፣ ውሃ የማያስገባው ድራይሱት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

በመጀመሪያ ልብሱ ለማን እንደሚያስፈልግ መለየት ይገባል። በጅቡቲው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወይም በኢላት ለሚጠልቅ ሰው ተራው ዌትሱት ይበቃዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲያትል ደጃፍ ያለው የፒዩጀት ሳውንድ ውሃ ግን ዓመቱን ሙሉ በአብዛኛው ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ከሃያ ጊዜ በላይ ፈጥኖ ይወስዳል። ዌትሱት ደግሞ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር እየተጨመቀ ይሳሳል። እንዲህ ባለ ውሃ ለግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚቆይ ሰው ድራይሱት ቅንጦት አይደለም።

ችግሩ ዋጋው ነው። አዲሱ ከ1,000 ዶላር አካባቢ ይነሣና ከ3,000 በላይ ይሄዳል። በዚህም የተነሣ በጠላቂዎች ዘንድ ሁለት ምክር ይሰማል። አንዱ «ርካሽ አዲስ ግዛ» ይላል፤ ሌላው «ምርጡን ግዛ፣ አለዚያ ተወው» ይላል። ሁለቱም ኪሱ ውስን ለሆነ ሰው የሚጠቅሙ አይደሉም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚያዋጣው በልኩ የሆነ ያገለገለ ልብስ ፈልጎ፣ የጥገናውን ገንዘብ ከዋጋው ጋር አብሮ መያዝ ነው። «ልባሽ» የሚለው ቃል የሚያሳፍረው ካለ በባሕር ውስጥ የሚያየው ዓሣ ብቻ መሆኑን ቢያስብ ይቀለዋል።

ልብሱ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። ኒዮፕሪን የተባለው ወፍራም ጎማ በራሱ ይሞቃል፤ ለሰውነትም ይለጠጣል። ነገር ግን ስለሚንሳፈፍ ብዙ የእርሳስ ክብደት ይጠይቃል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ቀዳዳውም በቀላሉ አይገኝም። ትራይላሚኔት የሚባለው በሁለት ጨርቅ መካከል ጎማ የተጣበቀበት ስስ ልብስ ነው። በራሱ አይሞቅም፤ ሙቀቱ የሚገኘው ከሥሩ ከሚለበሰው ነው። ሲቀደድ ግን በቀላሉ ይለጠፋል፣ ቶሎም ይደርቃል። ላገለገለ ዕቃ ገዢ ትራይላሚኔቱ ይመረጣል፤ ጉዳቱ ከዓይን አይሰወርምና።

የዚህ ልብስ ሞተሩ ዚፑ ነው። ዋይ.ኬ.ኬ. የሚለውን ስም ልብስ ሰፊው ሁሉ ያውቀዋል፤ ይኸው የጃፓን ኩባንያ የድራይሱት ዚፕም ይሠራል። ዚፑ ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም አያሳልፍም፤ ስለዚህም ዋጋው ከሱሪ ዚፕ ጋር አይወዳደርም። አንድ ጥርሱ ከወለቀ ወይም ከታጠፈበት ከተሰበረ እንደ ጨርቁ አይለጠፍም። ተፈትቶ አዲስ ይገባለታል፣ ይህም ከእጅ ዋጋው ጋር ብዙ መቶ ዶላር ይጠይቃል። በ400 ዶላር «ተገኘ» የተባለው ልብስ 700 ዶላር ከተጠየቀበት የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ታሪክ እንዲህ ባለው ግዢ ላይ ይደገማል።

ከዚፑ ቀጥሎ የአንገትና የእጅ አንጓ ጎማዎች ይታያሉ። ላቴክስ ከሆኑ ፀሐይና ቅባት ያበላሻቸዋል፣ በጥቂት ዓመታትም መለወጣቸው አይቀርም። ሲነኩ የሚያጣብቁ ወይም ሲሳቡ የተሰነጠቁ ከሆኑ ገዢው ዋጋቸውን ከሒሳቡ ሊቀንስ ይገባል። ይህ ግን ልብሱን ለመተው በቂ ምክንያት አይደለም፤ ጎማ አላቂ ዕቃ ነው።

በዋጋ የማይካካስ አንድ ነገር አለ፣ እርሱም ልክ ነው። ልብሱ በጣም ሰፊ ከሆነ ውስጡ ያለው አየር ወደ እግር ይሄዳል፤ ጠላቂው ቁልቁል ተዘቅዝቆ ሳይፈልግ ወደ ላይ ሊወረወር ይችላል። ከጥልቅ ውሃ በድንገት መውጣት ሳንባን ይጎዳል፣ ሊገድልም ይችላል። ጠባብ ከሆነ ደግሞ እጅ ከጀርባ ወዳለው የአየር ጋን ቫልቭ አይደርስም። ስለዚህ የሙቀት ልብሱን ከሥር ለብሶ ቁጢጥ ማለት፣ እጅን ማጠላለፍና ወደ ኋላ መዘርጋት ያስፈልጋል። ቅናሽ ተብሎ የወንድም ልክ የሚገዛበት ልብስ አይደለም። የድራይሱት ሥልጠናም ከልብሱ ወጪ ጋር መቆጠር አለበት።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ለምሳሌ ያህል ልብሱ 700፣ ዚፑ 350፣ በአምስት ዓመት ሁለት ጊዜ የሚለወጡት ጎማዎች 400፣ የሙቀት ልብሱ 300 ቢሆኑ ጠቅላላው 1,750 ዶላር ነው። በዓመት 20 ቀን ለሚጠልቅ ሰው በአምስት ዓመት 100 ቀን ይሆናል፤ ለአንድ ቀን 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም ደረሰበት ማለት ነው። በዓመት አምስት ቀን ብቻ ለሚጠልቅ ሰው ግን ቀኑ 70 ዶላር ይወጣበታል። ኪራዩ በቀን 75 ዶላር ቢሆን ልዩነቱ ከእጥበቱና ከማስቀመጫው ጣጣ አይበልጥም። እንዲህ ያለው ሰው ቢከራይ ይሻለዋል፤ በየዓመቱ «ዘንድሮስ ብዙ እጠልቃለሁ» እያለ ራሱን የሚያባብለውም እዚሁ ጎራ ውስጥ ነው።

ለመግዛት የወሰነ ሰው ከመከራከሩ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ። የአንገቱና የእጁ ቀዳዳ ይደፈን፣ ልብሱ በአየር ይሞላ፣ ላዩ የሳሙና ውሃ ይቀባ። ጎሚስታ የተነፈሰ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋውን እንደሚፈልግ ሁሉ ቀዳዳው ራሱን ያሳያል። በስፌቱ ላይ አንድ ሁለት አረፋ ቢታይ የድርድር ጉዳይ ነው። አረፋው በዚፑ ላይ ከተሰለፈ የአዲስ ዚፕ ዋጋ ከነእጅ ዋጋው ይቀነስ። ሻጩ ልብሱን በአየር ለማስሞላት እምቢ ካለ ግን ገዢው ገንዘቡን ይዞ ወደ ሌላ ሻጭ ይሂድ።