ማን አጠፋው? የጎንደር ዝምታና የቪፒኤን ምክር

የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲታፈኑ የሀገሩ ምላሽ ፈጣን ነበር፦ ቪፒኤን አውርዱ። መነሻው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነሳው የሲኖዶስ ውዝግብ ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ የትኛው ቪፒኤን እንደሚፈጥን፣ የትኛው ባትሪ እንደሚጨርስ የካፌ ወሬ ሆነ። ይባስ ብሎ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው በተዘጋው ፌስቡክ ላይ መግለጫ መለጠፋቸውን ቀጠሉ። ተሳቀ፣ ታለፈ። እገዳው አምስት ወር ገደማ ቆይቶ በሐምሌ ተነሳ። በየትኛው ሕግ፣ በማን ፊርማ እንደተዘጋ የጠየቀው ጥቂት ነው። ብዙው ሰው ጉዳዩን በስልኩ ፈትቶት ነበርና ለመጠየቅ ምክንያት አላየም።

ከዚያ በኋላ ወር እንኳ አልሞላም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ቀናት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ጎንደር ከተማ ውስጥ ተኩስ ነበር፣ በረራ ተቋርጦ ነበር፣ መንገድ ተዘግቶ ነበር። በየስልኩ ላይ ከየካቲት የተረፈው ቪፒኤን እንዳለ ተቀምጧል። ሲነካ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ይቆማል።

ይህን ልዩነት በቅጡ መረዳት ያስፈልጋል፤ ብዙ ክርክር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በየካቲት የተደረገው ማጣራት ነው። መስመሩ ክፍት ሆኖ ወደ ተወሰኑ ድረ ገጾች የሚሄደው መንገድ ብቻ ታጠረ። ቪፒኤን የሚሠራው እንዲህ ሲሆን ነው፦ ጥያቄውን ጠቅልሎ ውጭ ሀገር ወዳለ ሰርቨር ይልከዋል፣ አጥሩም የተጠቀለለውን አይቶ አይለየውም። በሐምሌ የተደረገው ግን መንገዱን ራሱን ማንሳት ነው። ዳታው ከኔትወርኩ ሲጠፋ ቪፒኤን የሚሄድበት የለውም። መኪናው ቢቀየር፣ ሹፌሩ ቢቀየር፣ ድልድዩ ፈርሷል። ደግሞ ድልድዩን የያዘው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ኢትዮ ቴሌኮም የመንግሥት ነው፤ ሳፋሪኮምም ከ2015 መጀመሪያ አንስቶ የገባው በመንግሥት ፈቃድ ነው። ሁለቱም ትእዛዝ ሲመጣ እንቢ የሚሉበት የሕግ ጥላ የላቸውም።

ታዲያ ሌላ መላ የለም ወይ? ይባላል። አለ፣ ግን ለማን? ጎንደር ከተማ ውስጥ መደበኛ መስመር ኢንተርኔት ያላቸው ጥቂት ሆቴሎችና ተቋማት ነበሩ። እዚያ ገብቶ ቡና አዝዞ ዋይፋይ የሚጠቀም ሰው ነበር። ቡናውን የሚከፍልበት ያለው ማለት ነው። ከከተማዋ ወደ ሰሜን ሲኬድ፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደባርቅ ይደረሳል። ከደባርቅ ወዲያ ወደ ጃናሞራ የሚወጣው ደጋ ላይ ኢንተርኔት ማለት የሞባይል ዳታ ነው፤ እሱ ሲጠፋ ሌላ የለም። በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ መልእክት የሚያቀብሉ መተግበሪያዎችን የሚያሞግሱ ሰዎችም አሉ። ለተቃውሞ ሰልፍ፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ በቆመበት አደባባይ፣ ይጠቅሙ ይሆናል። ብሉቱዝ የሚደርሰው በአሥር ቢበዛ በመቶ በሚቆጠር ሜትር ነው። ከራስ ደጀን ሥር ካለ መንደር ጎንደር ሆስፒታል ወዳለ ዘመድ መልእክት ለማድረስ በየመቶ ሜትሩ ስልክ የያዘ ሰው በገደሉ ላይ መደርደር ሊያስፈልግ ነው። ስታርሊንክም ይነሳል። ፈቃድ በሌለው የሳተላይት ዕቃ፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ውስጥ፣ በኬላ በታጠረ መንገድ? ይህን የሚመክር ሰው ዋሽንግተን ተቀምጦ ነው የሚመክረው።

የደባርቅን ነገር ትንሽ ማየት ተገቢ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፣ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ። ለብዙ ዓመታት አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆይቶ በ2017 ከዝርዝሩ ወጣ። ደባርቅ ውስጥ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ወጥ ሠሪው፣ ጠባቂው ከዚህ ፓርክ የሚበሉ ናቸው። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፤ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ደረሰ፤ ከዚያ የ2015ቱ ግጭት። እንግዳ የሚገኘው በዋትስአፕና በኢሜይል ነው። ዳታው በጠፋበት ዓመት ከአውሮፓ የሚጽፍ እንግዳ መልስ ካላገኘ ፓርኩን አይጠብቅም፣ ወደ ኬንያ ይሄዳል። እርግጥ ግጭቱ ራሱ ቱሪስትን ያርቃል፤ ያን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ሰላም ሲሆን ተመልሳችሁ ኑ ለማለት እንኳ የደንበኛውን ክር ይዞ መቆየት ያስፈልጋል። ያ ክር ነው የተቆረጠው።

የመንግሥት መከራከሪያ አለ፤ አለማንሳቱ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ታጣቂዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ይቀናጃሉ፣ ሐሰተኛ ወሬ ደም ያፋስሳል፣ የጥላቻ ንግግር ሕዝብን ከሕዝብ ያጫርሳል ይባላል። ሐሰተኛ ወሬ ደም ማፍሰሱ እውነት ነው። ለዚህ ግን ሕግ ወጥቶለታል፦ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭት መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012። ያ አዋጅ የሚቀጣው የተናገረውን ሰው ነው። ዳታን ማጥፋት የሚቀጣው ግን ያልተናገረውን ነው፤ አዋላጇን፣ ተማሪውን፣ ነጋዴውን። ደግሞስ ጥላቻው ቆመ ወይ? አልቆመም። በዚያ ዓመት ስለ ጎንደር ከጎንደር ሰው በቀር ሁሉም ያወራ ነበር። ሚኒሶታና ለንደን ያለው በዩቲዩብ ቀጥታ ስርጭት ይዘምታል፣ አዲስ አበባ ያለው ይመልሳል፣ ፎቶው የየት እንደሆነ አይታወቅም። አይ፣ ይህ ውሸት ነው፣ እኔ እዚያው ነኝ፣ እንዲህ አልሆነም ብሎ ማስተባበል የሚችለው ሰው ነው አፉ የተያዘው። ወሬ ፈርቶ ዳታ ያጠፋ መንግሥት ለወሬ ሜዳውን ለቀቀለት።

በጨለማ ውስጥ የሚሆነውንም ማሰብ ነው። ጥር 2016 በመርዓዊ ከተማ የተፈጸመውን ግድያ በተመለከተ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 45 ሲቪሎች መገደላቸውን ያረጋገጠው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ኢንተርኔት ቢኖር ኖሮ ሰዎቹ ይተርፉ ነበር ማለት አይደለም። የሚታይና የማይታይ ነገር ግን በእኩል ዋጋ አይፈጸምም።

ሌላም ተቃርኖ አለ። ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው ስትራቴጂ ከ2012 ጀምሮ ዜጋውን ወደ ስልክ ሲገፋ ቆይቷል። ከግንቦት 2015 አንስቶ ነዳጅ በመላ ሀገሪቱ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ታዘዘ። ሦስት ወር ሳይሞላ በአንድ ሙሉ ክልል ዳታው ጠፋ። ቴሌብር በአጭር ቁጥር ያለ ዳታም ይሠራል፤ ይህ እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ያተረፈውም እሱ ነው። ይሁን እንጂ አንድ መንግሥት ጥሬ ገንዘብህን ጣል፣ ስልክህን ያዝ ብሎ ሲያበቃ ስልኩን መልሶ የሚነጥቅ ከሆነ ነጋዴው በሚቀጥለው ጊዜ ምን ይዞ ይመነው?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀው ሐምሌ 28 ቀን 2015 ነው። ዳታው መጥፋት የጀመረው ግን ከዚያ ቀን በፊት ነው። አዋጁ በጥር 2016 ለአራት ወር ተራዝሞ፣ በድምሩ አሥር ወር ቆይቶ፣ በግንቦት 2016 መጨረሻ ላይ ሳይታደስ አበቃ። ዳታው በአንዳንድ ከተሞች ብልጭ ማለት የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ ዓመት ሊደፍን ሲል፣ በሐምሌ 2016 ነው። እንግዲህ መንግሥትን በራሱ አዋጅ እንለካው፤ አዋጁ ለእዙ የፈለገውን ሥልጣን ሁሉ ሰጥቶታል እንበል። ከመታወጁ በፊት የነበሩት ቀናት በየትኛው ሕግ ናቸው? ካበቃ በኋላ ያሉትስ? ማጥፊያው ከአዋጁ ቀድሞ ጠፋ፣ አዋጁ ከሞተም በኋላ እንደጠፋ ቆየ። አዋጁ ለጌጥ ነበር ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ማንኛውም ሰው መረጃ የመሻት፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነት አለው ሲል ገደብ የሚጣለው በሕግ ብቻ መሆኑንም ጽፏል። በስልክ ጥሪ የሚተላለፍ ትእዛዝ ሕግ አይደለም።

ይህ ጥያቄ የትም ያልተነሳ አይምሰል። ዚምባብዌ፣ ማንም የዴሞክራሲ ምሳሌ አድርጎ የማይጠራት ሀገር፣ ጥር 2019 እ.ኤ.አ. ኢንተርኔት ስትዘጋ ጠበቆች ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄዱ። ክርክሩ የተሸነፈው ቀላል በሆነ ነጥብ ነው፦ ትእዛዙን የሰጠው ሚኒስትር ያን ለማዘዝ በሕግ ሥልጣን አልነበረውም። መስመሩ ተከፈተ። የምዕራብ አፍሪካ ኢኮዋስ ፍርድ ቤት በ2020 ቶጎ ከሦስት ዓመት በፊት ኢንተርኔት መዝጋቷ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ካሣ ፈረደባት። ሕንድ ትልቋ ዴሞክራሲ ትባላለች፤ ኢንተርኔት በመዝጋትም ለዓመታት ዓለምን የመራችው እሷ ናት። ካሽሚር ስትዘጋ ጋዜጠኛዋ አኑራዳ ባሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዳ በጥር 2020 ውሳኔ አገኘች፦ ጊዜ የሌለው እገዳ አይፈቀድም፣ ትእዛዙ መታተም አለበት፣ በየጊዜው መመርመር አለበት። ከውሳኔው በኋላም ፈጣኑ ዳታ ለመመለስ ተጨማሪ ዓመት ፈጅቷል፤ ስለዚህ ፍርድ ቤት ተአምር ይሠራል የሚል የለም። በዚያው ካሽሚር ግን ከፊል መስመር ሲለቀቅ ቪፒኤን የተጠቀሙ ሰዎች ላይ ፖሊስ በፀረ ሽብር ሕግ ክስ ከፍቷል። ቪፒኤን አውርዱ የሚለው ምክር መጨረሻው ይህ ሊሆን ይችላል፦ መብቱ የሆነውን ነገር እንደ ሌባ በጓሮ ገብቶ የሚወስድ ዜጋ፣ ኬላ ላይ ስልኩ ሲፈተሽ የሚደነግጥ ዜጋ።

የቪፒኤን ትልቁ ጉዳት ግን አለመሥራቱ አይደለም። የከፋው ሲሠራ ነው። ድምፅ ያለው፣ የተማረው፣ ከተሜው ሰው ለራሱ ቀዳዳ ካገኘ ለሌላው አይጮህም። አምስት ወር በቪፒኤን የኖረ አዲስ አበቤ አማራ ክልል ሲጠፋ ያዘነው በወሬ ነው። የጎንደርም ሰው ከዚህ ሂሳብ አያመልጥም። ትግራይ ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ጀምሮ ስትጨልም፣ ስልክም ባንክም ኢንተርኔትም ሲቋረጥ፣ ጦርነት ነው፣ ምን ይደረግ ያለው ብዙ ነው፤ ጎንደር ውስጥም፣ አዲስ አበባም። ጭራሽ በኅዳር 2015 የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ አብዛኛው ትግራይ ገና ከመስመር ውጭ ነበር፤ እንግዶች በዋይፋይ ስለ ዲጂታል መብት ተወያይተው ተሸኙ። ያኔ ለመቀሌ ማን አዘዘ ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ ለጎንደር መልስ የሚሆን ቅጽ ይኖር ነበር። አልተጠየቀም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በ2011 ዓ.ም. ኢንተርኔት ውሃም አየርም አይደለም ሲሉ ብዙው የተናደደው በንጽጽሩ ነው። መቆጣት የነበረበት በሌላው ነው፦ የመዝጋቱ ውሳኔ የአንድ ሰው ስሜት እስኪመስል ድረስ ሥርዓት አልባ መሆኑን በግልጽ ሲናገሩት።

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የቴሌኮም ዘርፉን እንዲቆጣጠር፣ የተጠቃሚውንም ጥቅም እንዲያስጠብቅ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጎንደርና የሰሜን ጎንደር ተመራጮች አሉት፤ ቋሚ ኮሚቴ አለው፣ ሰነድ የመጠየቅ ሥልጣን አለው። አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ከሐምሌ 2015 እስከ ሐምሌ 2016 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት እንዲቋረጥ የተጻፈው ደብዳቤ ካለ ቀኑ፣ ቁጥሩና ፊርማው ለምክር ቤቱ ይቅረብ። ከሌለ ደግሞ የለም ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፤ ጠበቆቹ ከዚያ ይጀምራሉ።