ስብሰባው አለቀ፤ ማን ምን ያዘ?

ሐሙሲት ስሟ ራሱ ሐሙስን ይጠራል። የገጠሩ ሰው ገበያ ሲወጣ የቢሮ ጉዳዩንም በዚያው ይዞ ይመጣል፤ እህሉን ይሸጥና ጨውና ዘይቱን ሸምቶ ስለ መሬት ደብተሩ ወይም ስለ ማዳበሪያው ሊጠይቅ ወደ አንዱ መሥሪያ ቤት ብቅ ይላል። በር ላይ የሚጠብቀውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሌላ ጊዜ ይመለሱ»። ሌላ ጊዜ ማለት ለእሱ ሌላ ሳምንት ነው።

ውድ አንባብያን፣ ስብሰባ ይቅር እያልኩ አይደለም። ሰውየው ደጅ የጠበቀበትን ያህል ነገር ይዘን እንውጣ ነው የምለው። ለዚህ ደግሞ ከእስክሪብቶና ከደብተር በላይ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

«ቃለ ጉባኤ ይያዝ የለም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ይያዛል። ግን እስኪ አንዱን መዝገብ ገልጣችሁ እዩት። የተገኙት ስም፣ በፈቃድ የቀሩት፣ አጀንዳ 1፣ አጀንዳ 2፣ ቀጥሎ «በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ከተካሄደ በኋላ አቅጣጫ ተቀምጧል» የምትል የታወቀች ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ፊርማ። አቅጣጫው ወዴት ነው? ማን በየትኛው ቀን ይሄድበታል? አይታወቅም። ጸሐፊው ስለሚጽፍ ደግሞ ሌሎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ።

በ2003 ዓ.ም. በጀመረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን 1 ለ 5 አደረጃጀት በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ሲስፋፋ የቡድን ስብሰባና የቃለ ጉባኤ መዝገብም አብሮ በዛ። በዚያ ጊዜ የሠሩ መምህራን ሱፐርቪዥን ሊመጣ ነው ሲባል የሦስት ወር ቃለ ጉባኤ በአንድ ማታ ይጻፍ እንደነበር እየሳቁ ያወራሉ። መዝገቡ ለተቆጣጣሪ እንጂ ለሠራተኛው አልነበረማ!

እድርን ግን ተመልከቱ። በሰፈራችን እድር ጸሐፊው መጀመሪያ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ያነባል። ድንኳኑን ሊያሰፋ ቃል የገባ ሰው አስፍቶ እንደሆነ እዚያው ይጠየቃል፤ ካላሰፋም ስሙ ተነቧልና መደበቂያ የለውም። የተማረው የቢሮ ሰው ቅዳሜ እድሩ ላይ ይህን ሲያደርግ ውሎ ሰኞ መሥሪያ ቤቱ ሲገባ ለምን እንደሚረሳው አይገባኝም።

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ በስብሰባው የመጨረሻ አምስት ደቂቃ እያንዳንዱ አባል በራሱ እጅ፣ በራሱ ደብተር «እኔ ይህን፣ እስከዚህ ቀን» ብሎ ይጻፍና ተራ በተራ ጮክ ብሎ ያንብብ። ቀጣዩ ስብሰባም ከዚያው ገጽ ይጀምር። አለቀ።

ለምን በእጅ? እ.ኤ.አ. በ2014 ሙለርና ኦፐንሃይመር የተባሉ ተመራማሪዎች በላፕቶፕ የሚጽፉ ተማሪዎች የሰሙትን ቃል በቃል ሲገለብጡ፣ በእጅ የሚጽፉት ግን ስለማይደርሱ በራሳቸው አባባል አሳጥረው እንደሚይዙና የሐሳብ ጥያቄዎችን በተሻለ እንደመለሱ ገልጸው ነበር። በ2019 እና በ2021 ሙከራው በሌሎች ሲደገም በፈተና ውጤት ላይ ያን ያህል ግልጽ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ በእጅ የጻፈ ሁሉ ጎበዝ ይሆናል ብዬ አልከራከርም። የኔ ምክንያት ሌላ ነው። ስልኩ ላይ ያጎነበሰ ሰው ማስታወሻ ይያዝ ቴሌግራም ያንብብ ማን ያውቃል? በድምፅ የተቀዳን የሁለት ሰዓት ስብሰባስ መልሶ የሚያዳምጥ አይታችኋል? ደብተር መብራት ጠፋ አይል፣ ቻርጅ አለቀ አይል።

«የእኛ ሰው በቃሉ ይይዛል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም እዚሁ ጋይንት ናት። ነገር ግን የድጓ ተማሪ የያዘውን መምህሩ ፊት እየቀረበ ያሰማል፣ ሲሳሳት ይታረማል። የቡድን አባል የት ሄዶ ያሰማል?

እኔን የሚያሳስበኝ እንቅፋት ፍርሃት ነው። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች በደንብ እናውቀዋለን፤ ለተግባር ልምምድ ወጥተን ደብተር ስናወጣ ሲያወራ የነበረው ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በስብሰባም እንዲሁ ነው። አለቃ ሲናገር የሚጽፍ ሠራተኛ «ምንድን ነው የምትጽፈው?» ይባላል፤ ነገር የሚሰበስብ ይመስላል። በዚህ ላይ የራስን ቃል በራስ እጅ መጻፍ ማለት በኋላ «እኔ አላልኩም» ማለት አለመቻል ነው። ብዙ ሰው እስክሪብቶ የሚረሳው ረስቶ አይመስለኝም። ስለዚህ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት ሰብሳቢው ነው። እሱ «በጀቱን እስከ ረቡዕ አስፈቅዳለሁ» ብሎ ጽፎ ካነበበ ሌላው ምን ይፈራል?

ይህን ቡሌቲን የምናዘጋጀው ተማሪዎች በሚቀጥለው ሳምንት ለአዲሱ እትም ርዕስ ልንከፋፈል እንሰበሰባለን። አማካሪ መምህራችንን ጨምሮ ሁላችንም ደብተር ይዘን እንግባ፤ ተራው ከእሳቸው ይጀምር።