የልብ ምልክት የሚያነብ ኮምፒውተር በእኛም ሕዝብ መረጃ ይፈተን

የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና የቦስተኑ ቤት እስራኤል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1980 ከ47 ሰዎች የተቀዱ 48 የግማሽ ሰዓት የልብ ኤሌክትሪክ ምልክቶችን ለተመራማሪዎች አሠራጩ። ወደ 110 ሺህ የሚጠጉ ምቶችን የልብ ሐኪሞች ለየብቻ መርምረው ለይተዋቸዋል። በዚህ የጋራ ክምችት የተነሣ፣ የተዛባ ምትን የሚለዩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች በአንድ መመዘኛ ሊወዳደሩ ቻሉ። ልግስናው ሊመሰገን ይገባል።

ይሁን እንጂ 47 ሰዎች የዓለምን ሕዝብ አይወክሉም። በአንድ አገር ታካሚዎች የተፈተነ ፕሮግራም ወደ ሌላ አገር ሲገባ፣ በዚያው ሕዝብ መረጃ እንደገና መፈተን አለበት። የአገራችን ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎችም የታካሚን ፈቃድና ምስጢር ጠብቀው የልብ ምልክት ክምችት በጋራ ያደራጁ። ኮምፒውተሩ ያግዝ፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የሐኪሙ ይሁን።