መልስ ያለ ገጽ አይጸናም

«መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለው የአባቶች ቃል የሚፈጸመው ጠያቂው መልካም መላሽ ያገኘ እንደ ሆነ ነው። ጠያቂው ተግቶ መላሹ የሳተ እንደ ሆነ ግን፥ መጠየቁ ካለመጠየቁ የባሰ ጕዳት ያመጣል፤ ያልጠየቀ ሰው አለማወቁን ያውቃልና፥ በስሕተት የተመለሰለት ግን ያወቀ መስሎት ይሄዳል። በዚህ ዘመን የትምህርት ቤት በር የሚንኳኳው በእጅ ብቻ አይደለም። ወላጅ የልጁን የምዝገባ ቀን፥ የአውቶቡሱን ሰዓት፥ የፈተናውን ሥርዓትና የምሳውን ዋጋ የሚጠይቀው አስቀድሞ በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ነው። ስለዚህ በዚያ በር ላይ ቆሞ የሚመልሰው ማን ይሁን የሚለው ጉዳይ እንደ ትንሽ ነገር የሚታለፍ አይደለም።

በዚህ በር ላይ ዛሬ ሁለት አገልጋዮች ይታያሉ። አንደኛው የቆየው የመፈለጊያ ሣጥን ነው፤ ጠያቂው አንድ ቃል ይጽፍለታል፥ እርሱም ያ ቃል ያለባቸውን ገጾች ዘርዝሮ ያሳያል እንጂ ከራሱ አንዳች አይናገርም። ሁለተኛው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው፥ ቻትቦት የሚባለው መሣሪያ ነው፤ ይህ ጠያቂውን እንደ ሰው አነጋግሮ፥ ገጹን ሳይሆን መልሱን ይሰጣል። ቻትጂፒቲ የተባለው መሣሪያ በኖቬምበር 2022 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ፥ በልዩ ልዩ አገር ያሉ የትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች ሁለተኛውን አገልጋይ ለማቆም ተነሥተዋል። ሁለቱንም ሳይመረምሩ አንዱን አንሥቶ ሌላውን መጣል ግን የአስተዋይ ሹም ሥራ አይደለም።

የመፈለጊያው ሥራ በመሠረቱ አዲስ ነገር አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ ከተማ፥ ሁግ ዘሳን ሼር የተባለው የዶሚኒካን መነኵሴ ከወንድሞቹ ጋራ ሆኖ፥ በላቲን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያሉትን ቃላት በፊደል ተራ አስቀምጦ፥ እያንዳንዱ ቃል በየትኛው መጽሐፍና በየትኛው ምዕራፍ እንደሚገኝ የሚያመለክት መዝገብ አዘጋጅቶ ነበር። ያ መዝገብ ቦታውን ያመለክታል እንጂ ቃሉን አይተረጕምም፤ አንባቢው ራሱ ሄዶ ምንባቡን ይመለከታል። የዛሬው የመፈለጊያ ሣጥንም የዚያ መዝገብ ልጅ ነው። ክብሩም ያልተጻፈውን አለመፍጠሩ ነው፤ ያላገኘ እንደ ሆነ «አልተገኘም» ብሎ ዝም ይላል።

ዳሩ ግን ጕድለቱም ከዚሁ ከክብሩ ይወለዳል። የሚፈልገው ፊደሉን እንጂ ሐሳቡን ስላይደለ፥ ትምህርት ቤቱ «ምዝገባ» ብሎ የጻፈውን ወላጁ «ልጅ ማስገባት» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ ባዶ እጁን ይመልሰዋል። ይህ ጕዳት በአማርኛ ይልቁን ይበረታል። ሀ፥ ሐና ኀ፥ ሰና ሠ፥ አና ዐ፥ ጸና ፀ በጽሕፈት ሲለዩ በንባብ አንድ ስለ ሆኑ፥ «ዓመት» ተብሎ የተጻፈውን ገጽ «አመት» ብሎ የፈለገ ሰው፥ መሣሪያው ይህን እንዲያውቅ ሆኖ ካልተሠራ በቀር አያገኘውም። እንደዚሁም ከአንዱ «መዘገበ» ከሚለው ግሥ ምዝገባ፥ ተመዝጋቢ፥ ለመመዝገብ፥ እስኪመዘገቡ የሚሉት ሁሉ ሲወጡ፥ ለእንግሊዝኛ የተሠራ መፈለጊያ እነዚህ ቃላት ያንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን አይለይም።

ነገሩም ከኢትዮጵያውያን የራቀ አይደለም። በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት የሚገኘው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ለወላጆች ጽሑፍ ከሚያስተረጕምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በአጠገቡ ባለው በዋሽንግተን ከተማም በ2004 የወጣው ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ በሚገባ ለማይችለው ሕዝብ በቋንቋው እንዲያገለግሉ ያዝዛል፤ አማርኛም ከነዚህ ቋንቋዎች መካከል ይቈጠራል። ነገር ግን ከትምህርት ቤቱ ገጽ አንዳንዱ ተተርጕሞ ሌላው በእንግሊዝኛ ብቻ በቀረ ጊዜ፥ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ የገባ አባት በአማርኛ የጻፈውን ጥያቄ የመፈለጊያ ሣጥኑ አያገኝለትም። ቻትቦቱ ግን በአማርኛ ተጠይቆ፥ በእንግሊዝኛ ከተጻፈው ገጽ አንብቦ፥ በአማርኛ ሊመልስለት ይችላል። ይህ ታላቅ ርዳታ ስለ ሆነ ሊናቅ አይገባውም።

እንዲህ ያለው መላሽ በሚገባ የተያዘ እንደ ሆነ ምን ያህል እንደሚጠቅም፥ በአትላንታ ከተማ የሚገኘው የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥራ ያስረዳል። ዩኒቨርሲቲው በ2016 ክረምት፥ ለመማር ተቀባይነት አግኝተው ሳለ በወረቀትና በገንዘብ ጣጣ ምክንያት ትምህርት ሳይጀምሩ የሚቀሩትን ተማሪዎች ለመርዳት፥ በስልክ መልእክት የሚመልስ «ፓውንስ» የተባለ መሣሪያ አቆመ። በዚያው ክረምት ከ200,000 በላይ ለሚሆን ጥያቄ መልስ ተሰጠ፤ ሳይጀምሩ የሚቀሩትም ቍጥር ከመቶ 21 ያህል ቀነሰ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን መልሱ በዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች እየተጻፈና እየታረመ የተዘጋጀ መሆኑ ነው፤ መሣሪያው ያልተረዳው ጥያቄም ወደ ሰው ይተላለፍ ነበር። ስለዚህ ያን ፍሬ ያፈራው መሣሪያው ብቻ ሳይሆን፥ ከበስተኋላው የቆሙት ሰዎች ትጋት ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ቻትቦቶች አሠራራቸው የተለየ ነው። ከእጅግ ብዙ ጽሑፍ የቃላትን አካሄድ ተምረው፥ ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባውን ቃል እየገመቱ ንግግር ይሠራሉ። በዚህ ምክንያት የሚያውቁትንም የማያውቁትንም በአንድ ዐይነት ያማረ አነጋገር ያቀርቡታል፤ ስሕተታቸው መንተባተብ ስለሌለበት ለሰሚው ከእውነት አይለይም። በአማርኛ የተጻፈው ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው እጅግ ያነሰ በመሆኑም፥ በአማርኛ የሚሰጡት መልስ ይበልጥ ሊታመን የማይገባው ነው። ለዚህ መድኃኒት እንዲሆን በ2020 በሊቃውንት የተገለጸ ዘዴ አለ፤ ይኸውም መሣሪያው ከመመለሱ በፊት በመዝገብ ውስጥ ፈልጎ፥ ያገኘውን ጽሑፍ ከፊቱ አድርጎ እንዲመልስ ማድረግ ነው። እንግዲህ መላሹ ራሱ የሚቆመው በፈላጊው ትከሻ ላይ ነው ማለት ነው። ፍለጋው የተበላሸ ወይም ገጹ ያረጀ እንደ ሆነ፥ ያለፈውን ዓመት የምዝገባ ቀን ለዘንድሮ ወላጅ ባማረ ቃል ያቀርብለታል።

እንዲህ ያለው ስሕተት በማን ላይ እንደሚወድቅ፥ በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት በፌብሩዋሪ 2024 የተሰጠው ፍርድ ያሳያል። የኤር ካናዳ አየር መንገድ ቻትቦት፥ አያቱ ለሞቱበት አንድ መንገደኛ፥ ለሐዘንተኛ የሚደረገውን የዋጋ ቅናሽ ከጕዞው በኋላ መጠየቅ እንደሚችል ነገረው፤ በዚያው ድረ ገጽ በሌላ ስፍራ የተጻፈው ደንብ ግን ይህን አይፈቅድም ነበር። ድርጅቱ በመሣሪያው ቃል እንደማይጠየቅ ቢከራከርም፥ ዳኝነቱ በድረ ገጹ ላይ ላለው ቃል ሁሉ ኀላፊው ድርጅቱ ነው ብሎ፥ በጠቅላላው 812 የካናዳ ዶላር ያህል እንዲከፍል ፈረደ። መሣሪያው ወደ ደንቡ ገጽ የሚያደርስ ምልክት ከመልሱ ጋራ ሰጥቶ ነበር፤ ነገር ግን መንገደኛው አንዱን የድረ ገጽ ክፍል በሌላው መመርመር ይገባው ነበር ማለት አልተቻለም። የአየር መንገድ ስሕተት በገንዘብ ተከፈለ፤ የምዝገባ ቀን በስሕተት ተነግሮት ልጁ ስፍራ ያጣበት አባት ግን የሚመለስለት ምንድን ነው?

በአሜሪካ ከኒው ዮርክ ቀጥሎ በስፋቱ ሁለተኛ የሆነው የሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር የደረሰበትም ሊታሰብ ይገባዋል። አስተዳደሩ «ኤድ» የተባለ መላሽ መሣሪያ እስከ 6 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ውል አሠርቶ፥ በማርች 2024 ለሕዝብ አስተዋወቀ። ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከተከፈለ በኋላ፥ ሦስት ወር ሳይሞላ፥ መሣሪያውን የሠራው ኦልሂር የተባለው ድርጅት በገንዘብ ችግር ምክንያት አብዛኞቹን ሠራተኞቹን ከሥራ አገደ፤ አስተዳደሩም መላሹን ዘጋው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚባለው ለዚህ ነው። የቤቱን በር ጠባቂ ከሌላ ቤት የተከራየ ሰው፥ ያ ቤት በፈረሰ ቀን በሩ ያለ ጠባቂ ይቀርበታል።

በዚህ ነገር የሚሻለውን መንገድ የኢትዮጵያ የመጻሕፍት መምህራን ልማድ ያመለክታል። በትርጓሜ ቤት አስቀድሞ ንባቡ ይሰማል፥ ከዚያ በኋላ ትርጓሜው ይከተላል፤ ንባቡ ከአንድ በላይ ፍች ያለው እንደ ሆነም «አንድም» እየተባለ ይነገራል። መምህሩ ንባቡን ሰውሮ ፍቹን ብቻ አይሰጥም። ደቀ መዝሙሩም ፍቹን ከንባቡ ጋራ ስለሚያስተያይ፥ ስሕተት ቢገኝ ንባቡ ይመሰክራል። መፈለጊያው እንደ ንባቡ፥ ቻትቦቱም እንደ ትርጓሜው ናቸውና፥ ሁለቱ ሊተጋገዙ ይገባል እንጂ አንዱ ሌላውን ሊያስወጣው አይገባም።

ምናልባት፥ ሕዝቡ ሥራ ስለሚበዛበት ገጽ ማንበብን አይወድም፥ ዐጭር መልስ ብቻ ይበቃዋል የሚል ሹም ይገኝ ይሆናል። የሕዝቡን ጊዜ መቈጠብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዐጭሩ መልስ የተሳሳተ ሲሆን ከረዥሙ ንባብ ይልቅ ብዙ ጊዜ ያጠፋል። ስለዚህ ድረ ገጽ ያለው ትምህርት ቤት ሥራውን በተራ ቢይዝ ይበጃል። መጀመሪያ ገጹን ያቅና፤ ያረጀውን ያንሣ፥ እያንዳንዱን ገጽ የሚጠብቅ ኀላፊ ይሹም፥ የታረመበትንም ቀን ይጻፍበት። ሁለተኛ መፈለጊያውን ያድስ፤ ወላጆች ፈልገው ያጧቸውን ቃላት በየጊዜው ይመርምር፥ ሕዝቡ በምን ቃል እንደሚጠይቅ ከዚያ ይታወቃልና። ሦስተኛ ቻትቦት ያቆመ እንደ ሆነ፥ መሣሪያው የገጹን ቃል ራሱን ከነቀኑ ከመልሱ ጋራ እንዲያሳይ፥ ያላገኘውንም «አላገኘሁም» እንዲል ያድርገው። አራተኛ ስለ ልጅ ጤና፥ ስለ ቅጣትና ይህን ስለ መሰለ ከባድ ነገር የሚጠየቀው ወደ ሰው ይተላለፍ፤ ስልክ የሚያነሣ፥ የወላጁንም ቋንቋ የሚያውቅ ሠራተኛ አይታጣ። የልጆችም ስምና ምስጢር በውል ካልተጠበቀ በቀር ለመሣሪያው ባለቤት አይሰጥ።

ይህ ሁሉ ከቻትቦቱ ዋጋ ይልቅ የሰው ትጋት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ገጹ የቀና እንደ ሆነ መፈለጊያውም መላሹም ይቀናሉ፤ ገጹ የጠመመ እንደ ሆነ ግን አንዱ ጥመቱን ያሳያል፥ ሁለተኛው ጥመቱን አሳምሮ ይናገራል። ወላጅ ልጁን አምኖ የሚሰጠው ለትምህርት ቤቱ እንጂ ለመሣሪያው አይደለምና፥ በበሩ ላይ ስለሚነገረው ቃል የሚጠየቀውም ትምህርት ቤቱ ነው።