የአንድ ቀን የተራራ ጉዞም ሒሳብ አለው

ነጋዴ ዕቃውን ከመጫኑ በፊት መንገዱን፣ የጭነቱን ዋጋና የገበያውን ቀን አጣርቶ ይነሣል። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ለዕረፍት ወደ ተራራ በሚወጣበት ጊዜ ግን ልማዱን ከመደብሩ ቈልፎበት ይሄዳል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለገበያ ብቻ የተነገረ አይደለም። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝም በባሌ በሚገኘው በቱሉ ዲምቱ ላይ የደረሰብኝ ነገር ነው።

ቱሉ ዲምቱ፣ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ሲሆን፣ ከፍታው 4377 ሜትር ነው፤ ከባሌ ተራሮችም ሁሉ ይበልጣል። የቆመው ሰኔቲ በተባለው ሰፊ የውርጭ ሜዳ ላይ ስለ ሆነና ሜዳውም ራሱ በብዙ ስፍራ ከ4000 ሜትር በላይ ስለሚደርስ፣ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ዝቅተኛ ጉብታ ይመስለዋል። ብዙ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። በሜዳው ላይ አመድማ ቊጥቋጦና እዚህም እዚያም የቆመ ጅብራ እንጂ ዛፍ የለም፤ ጉም በወረደ ጊዜ ለምልክት የሚሆን ነገር አይገኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አምስት ወዳጆች ሆነን ከጎባ በመኪና ወጣን። ቁርሱና ጨዋታው ስላዘገየን፣ ከመኪናው ወርደን በእግራችን መሄድ የጀመርነው ረፋዱ ላይ በ5 ሰዓት ነበር። መሪ አልያዝንም፤ ውሃችንም ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ጠርሙስ ብቻ ነበር። በ8 ሰዓት ጉሙ ወረደና ኮረብታው ጠፋ። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ሰው ራሳቸውን አሟቸው ያስመልሳቸው ጀመር። ፈረሱን እየሳበ ያልፍ የነበረ አንድ እረኛ ባያገኘን ኖሮ በዚያ እናድር ነበር። እርሱም በሽተኛውን በፈረሱ ጭኖ እስከ መንገዱ አደረሰን፤ ዋጋም አልጠየቀን። ያን ቀን በቸርነት ያገኘነውን አገልግሎት ጧት በውል ልንገዛው ይገባን ነበር።

እንግዲህ የጉዞው ሒሳብ እንደሚከተለው ቢሆን ይሻላል። በመጀመሪያ፣ ከቆላ ወይም ከከተማ የመጣ ሰው ቢያንስ ሁለት ሌሊት በጎባ፣ በሮቤ ወይም በዲንሾ ይደር። በቱሉ ዲምቱ ጫፍ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ 60 ያህሉ ብቻ ነውና፣ ሰውነት ከፍታውን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ለጀመረው ሰው መድኃኒቱ ወዲያው መውረድ ነው። ሁለተኛ፣ ዕቅዱ የሚሠራው ከመነሻው ሳይሆን ከመመለሻው ሰዓት ነው። ጉዞው ከጧቱ በ2 ሰዓት ቢጀመር፣ ጫፉ ተደረሰም አልተደረሰም በ6 ሰዓት ፊትን ማዞር ይገባል። ሹፌሩም መንገደኞቹ በስንት ሰዓት ካልተመለሱ ለማን እንደሚያመለክት አስቀድሞ ይነገረው። ሦስተኛ፣ በየ1000 ሜትሩ ብርዱ በ6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ የሱፍ ልብስ፣ የዝናብ ካፖርት፣ ባርኔጣና ሁለት ሊትር ውሃ አይቅር። ለስንቅም የአገሩ ሰው ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚያዘጋጀው ጭኮ ለመሸከም ቀላል ነው፤ ያጠግባልም። አራተኛ፣ አገሩን የሚያውቅ መሪና አንድ ፈረስ በቀን ሒሳብ ይያዝ።

አንዳንዶች «መኪና እስከ ጫፉ ይወጣ የለምን? ስለምን በእግር እንደክማለን?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ መኪና ይወጣል። ነገር ግን በመኪና የወጣ ሰው ፎቶግራፍ ተነሥቶ በዚያው ቀን ሲያልፍ፣ በእግሩ የሚሄደው ሁለት ሌሊት ያድራል፣ ስንቅ ይገዛል፣ ለመሪና ለባለ ፈረስ ይከፍላል። በዓለም ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡት በእነዚህ ተራሮች የሚኖሩ ሲሆን፣ ይህንንም እንስሳ ረጋ ብሎ ሊመለከተው የሚችለው እግረኛው ነው። ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስለ ተመዘገበም እንግዳው እንደሚበዛ ተስፋ አለ። ያለ መሪና ያለ ስንቅ ወጥቶ የተጐዳ አንድ እንግዳ ግን የብዙ ዓመት መልካም ስም ያጠፋል።

ስለዚህ በአካባቢው ሆቴልና መኪና ያላቸው ነጋዴዎች ከመሪዎቹና ከባለ ፈረሶቹ ጋር ተስማምተው የአንድ ቀን ጉዞ ፕሮግራም በአንዲት ወረቀት ቢያሳትሙ እወድዳለሁ። በወረቀቷም የመነሻውና የመመለሻው ሰዓት፣ የስንቁ ዓይነት፣ የመሪውና የፈረሱ ዋጋ ተለይተው ይጻፉ። እኔም ያን ቀን እንዲህ ያለች ወረቀት በእጄ ብትኖር ኖሮ፣ ወዳጄን በሰው ፈረስ ላይ አጋድሜ ባልተመለስሁ ነበር።